ለወናፍ የተተወ ትንፋሽ

አባቷ በኖታ ወረቀት ጠርዝ ላይ የመሣሪያ ስም ጽፎ አያውቅም። ሌላው አቀናባሪ «ትራምፔት፣ ፍሉት፣ ቱባ» ብሎ በሚጀምርበት ቦታ እሱ «ወላቃው፣ እመቤቲቱ፣ ወናፍ» ብሎ ይጀምራል። «ለሰው ነው የምጽፈው፤ ነሐስ አይተነፍስም» ይል ነበር፣ እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ። ወላቃው ትራምፔት ነፊ ነው። ከብስክሌት ወድቆ የፊት ጥርሱን ካጣ ጀምሮ ቀጭን ድምፅ ላይ ሲደርስ አየር ስለሚያመልጠው፣ ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይጻፍለትም። እመቤቲቱ ፍሉት ትነፋለች፤ በጨዋታ መሃል ገጽ መግለጥ ስለምትጠላ የእሷ ድርሻ፣ ጽሕፈቱ ጉንዳን ቢያክልም፣ በአንድ ገጽ ያልቃል። ቱባ ነፊው ወናፍ ደግሞ በየስምንት ሜዠሩ አንድ ሜዠር ዝምታ ይተውለታል። አንድ ሜዠር አራት ምት ነው፤ ሰው ረጋ ብሎ አየር ለመሳብ ይበቃዋል።

ወናፍ ስሙን ያገኘው በጉብዝናው ዘመን ነው። ያኔ በባቡር ጥገናው ክፍል በያጅ ነበር፤ ቱባውን ሲነፋ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል ይባልለታል። የብየዳው ጭስ ሳንባውን ከበላው በኋላ ስሙ ብቻ እንደ ድሮው ቀረ። የባቡር ሠራተኞቹ ባንድ ሰዎች ስሙን አልለወጡለትም፤ አባቷ ግን ኖታውን ለወጠለት። አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር በቱባው መስመር ላይ ዝምታ አስገባ። ወናፍ ወረቀቱን አየው፣ ነፋ፣ ዝምታው ላይ ሲደርስ ተነፈሰ፣ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሲገናኙ መሰዳደብ ነው።

«አንተ ጸሐፊ፣ ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ዝንብ ነው የጨፈለቅከው?»

«ለማያነብ ሰው ዝንብም ይበዛበታል።»

ጸሐፊው የአባቷ የባንድ ስም ነው። እሷን ደግሞ ግልባጭ ይሏታል። አባቷ ሁሉንም መስመር ደራርቦ ከጻፈው ትልቅ ወረቀት ላይ ለአሥራ ስድስቱም ሰው የየራሱን ድርሻ በእጇ የምትገለብጠው እሷ ናትና። ቀን ቀን በባቡር ጣቢያው መስኮት ቲኬት ትሸጣለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ በአሮጌው የፉርጎ ማደሪያ ውስጥ ሁለተኛ ክላርኔት ትነፋለች። የኖታው ቁም ሣጥን ቁልፍም ከእሷ አንገት አይጠፋም።

ጣቢያው መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ባንዱ ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ አሮጌ ዜማ እንዲያሰማ ታዘዘ። አባቷ ያኔ አልጋ ይዟል። እንደማይነሳ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ሐኪሙም ካወቀ ሰንብቷል። «ይችን እኔ ነኝ የማቀናብራት» አለ። መክተፊያ የሚያህል ጣውላ ጉልበቱ ላይ አስደግፋ ሰጠችው። አምስት ሳምንት ጻፈ። አንዳንድ ቀን ሦስት ሜዠር፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ሲጨርስ ለበዓሉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«እንቺ» አላት፣ ሰባቱን ትልልቅ ገጾች አሸክሟት። «እጄ ተንቀጥቅጧል፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጠንቀቂልኝ።»

የመጀመሪያውን ገጽ መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። የኖታው ነጥብ መስመር ላይ ይሁን በመስመር መሃል፣ አይለይም። በእርሳስ ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተጽፏል። እንኳን ለመገልበጥ፣ ለማንበብም ሳምንት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ቀኑን መስኮት ላይ ነች፤ ማታውን ለአባቷ መድኃኒትና አንሶላ ነው። ገጾቹን በካርቶን አቃፊ ከታ ሸጎጠቻቸውና ለባንዱ መሪ ነገረችው። መሪው በቅርብ የተመደበ፣ ፈጣን፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው።

«እኔ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም አለኝ» አላት። «ዜማውን ብቻ አስገቢለት። ምን ምን መሣሪያ እንዳለሽ ንገሪው። ሻይሽን ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ለሁሉም ያከፋፍልልሻል።»

«አባዬ አምስት ሳምንት የፈጀበትን?»

«አባትሽን ማን ነካው? ዜማው ያው ዜማ ነው። በዘጠኝ ቀን ልትገለብጪው ነው? ከቻልሽ እሰየው።»

አልቻለችም። ወይም እንደማትችል ቶሎ አመነች፤ ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች። ቅዳሜ ጧት በመሪው ጠባብ ቢሮ ተቀምጣ ዜማውን በአንድ ጣት አስገባች። ፕሮግራሙ ጠየቃት፦ ስንት ትራምፔት? ስንት ክላርኔት? ቱባስ? አንድ፣ አለች። ክብደቱስ፣ ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ? መካከለኛ፣ አለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ከአራት ደቂቃ በኋላ ማተሚያው ሙቅ ሙቅ ወረቀት ይተፋ ጀመር፤ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ጆሮ ላይም ያምር ነበር።

ከማተሟ በፊት ግን አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ «አቀናባሪ» ይላል። እጇ እዚያ ላይ ትንሽ ቆም አለ። ባዶውን ልትተወው ትችል ነበር። የአባቷን ስም ጻፈችበት። ሕዝቡ ስሙን ይስማለት፣ አለች በልቧ። ደስ ይበለው ብዬ ነው፣ አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሐሙስ ወረቀቱን ስታድል ወላቃው አገላብጦ አየና ሳቀ። «ጸሐፊው አልጋ ላይ ሆኖ ኮምፒውተር ተማረ እንዴ? እኛን ሞኞች ያደርገናል።»

«እኔን እንኳ ገጽ አስገለጠኝ» አለች እመቤቲቱ፣ ተቀይማ።

ወናፍ አልሳቀም። የእሱን ድርሻ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆየ። ጀርባውን ገልብጦ አየ፤ የጎደለ ወረቀት የሚፈልግ ይመስላል። ከዚያ አጠገቧ መጣ።

«ይሄ የአባትሽ ነው?»

«የእሱ ነው፣ ጋሼ።»

«ራሱ ነው የጻፈው?»

«ስሙ አለበት አይደል?» አለችው፣ ዓይኗን ከክላርኔቷ ሳታነሳ።

«ጥሩ» አለ ወናፍ። ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

በልምምዱ ቀን ምንም አልታየም። መሪው በየሁለት መስመሩ እያስቆመ ስለሚያርም ሁሉም ሰው መተንፈሻ ያገኛል። በበዓሉ ቀን ግን ማንም አላስቆማቸውም። የጣቢያው አዳራሽ እስከ በሩ ሞልቷል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቱባው ሃያ ስድስት ሜዠር ያለ ዝምታ ይነፋል። ግልባጭ ከፊቱ ስለተቀመጠች አላየችውም፤ ሰማችው። አሥረኛው ላይ ድምፁ ሳሳ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ተቆራረጠ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ጠፋና በምትኩ ሳል መጣ፤ ደረቅ፣ የማያባራ ሳል፣ ልክ ሌሎቹ መሣሪያዎች ቀስ በሚሉበት ቦታ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ሰዎች ዞሩ። ዜማው ያለ ቱባ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ተጨበጨበ፤ የአባቷ ስም ተጠራ፤ እንደገና ተጨበጨበ።

ወናፍ ቱባውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ሲያበቃ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ እጇ ላይ አኖረው።

«ለአባትሽ፣ ገብቶኛል በይልኝ» አላት።

ምን እንደገባው አልጠየቀችውም። ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ቱባውን አዝሎ በጎን በር ወጥቷል።

ቤት ስትደርስ አባቷ ትራሱን ደራርቦ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ጢሙን ራሱ ተላጭቷል፤ አንድ ቦታ ቆርጦት ጥጥ ለጥፎበታል።

«እህ?»

«አጨበጨቡልህ። ስምህ ሲጠራ ሁለት ጊዜ።»

«ጭብጨባውን ተይው። ወናፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዴት ሆነ?»

«ጥሩ ነበር።»

«ተነፈሰ?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኳን ትሰማዋለች።

«ተነፈሰ» አለችው።

አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። መላው ፊቱ ፈታ አለ። ያን ፈገግታ ያየ ሰው ቃሉን እንዴት ብሎ ይመልሰዋል? አልመለሰችውም።

ወናፍ እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ከቀኑ በአሥር ሰዓት እየመጣ፣ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ስለ ኖታው ሳያነሱ፣ ከአልጋው አጠገብ ያለችው የእንጨት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ቀረ። እሷ ያን ሰሞን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከአባቷ አልተለየችም። አባቷ ግን አሥር ሰዓት ሲቃረብ «እስቲ ያንን ጨርቅ ከወንበሩ ላይ አንሺው» ይላታል። ታነሳዋለች። አሥራ አንድ ሲሆን ጨርቁን መልሳ ታኖረዋለች።

«ያ ወናፍ ምን ሆኖ ነው?»

«ጉንፋን ይዟቸው ነው፤ እንዳያስተላልፉብህ ብለው ነው።»

«እሱ ጉንፋን ያልያዘው መቼ ነው? ከተዋወቅን ጀምሮ እንዳሳለ ነው።»

በሌላ ቀን ደግሞ፣ «አስቀይሜው ይሆን እንዴ?» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

ይህን ስትሰማ ስልኩን አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች። የወናፍን ቁጥር አወጣች። ምን ትለዋለች? ና ብትለው ይመጣል፤ ቢመጣ ሁለቱ ያወራሉ፤ ካወሩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይወጣል፤ አባቷ አልጋው ላይ ሆኖ ወረቀቱ እንዳልተነካ ያውቃል። ነገ፣ አለች። በማግስቱም ስልኩን አነሳች፤ ነገ፣ አለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንበሩ አሥራ አንድ ቀን ተዘጋጀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጧት አባቷ አረፈ። ጨርቁ ወንበሩ ላይ ነበር።

በቀብሩ ላይ ወናፍን አየችው። ከሰው ተነጥሎ፣ ከአጥሩ ብረት አጠገብ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ከሬሳው አጠገብ ነው ቦታው። አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ሄደ። «ተጣልተው ነበር እንዴ?» ሲል ወላቃው ጠየቃት። «አላውቅም» አለች። ሌላ ውሸት። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተወች።

ከሳምንት በኋላ የአባቷን ልብስ ስታጣጥፍ የካርቶኑን አቃፊ አገኘችው። ሦስተኛውን ገጽ አወጣችው። አሁን ጊዜ አላት፤ አንድ ጧት ሙሉ ብትቀመጥበት የሚጠራት የለም። ደግሞ እንደፈራችው አልነበረም። ዓይኗ የእጁን መንቀጥቀጥ ሲለምድ ነጥቡ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከታች «ወናፍ» የሚለው መስመር ላይ፣ አንድ ሜዠር ዝምታ በነበረበት ቦታ፣ ሁለት ሁለት ሜዠር ተትቷል። ባዶው እንዳይሰማ ብሎ እሷን፣ ሁለተኛ ክላርኔቷን፣ ወደ ታችኛው ድምፅ አውርዶ እንድትሞላለት አድርጓል። ከዝምታው በላይ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሁለት ሰጥቼሃለሁ፤ አርጅተናል። ተንፍስ፤ ማንም አያሳድድህም።»

ያኔ ነው «ገብቶኛል» የገባት። አሥራ አራት ዓመት ያለ ቃል የተሰጠው ትንፋሽ፣ በአንድ ቀን ያለ ቃል ተነጠቀ፤ ከላይ የጓደኛው ስም ተጽፎበት። ወናፍ ያነበበው፣ በቃህ፣ ተነስ፣ ለሚችል ሰው ልቀቅ የሚል ነው። እንዲህ ብሎ ያሰናበተውን ሰው ሊጠይቅ አሥር ሰዓት ላይ ምን አግብቶት ይሄዳል?

ይህን እያወቀች ሌላ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። ጥፋትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ደረጃ ወጥቶ በር ማንኳኳት ሌላ። በመጨረሻ በሩን እንድታንኳኳ ያደረጋትም ድፍረቷ ሳይሆን መሪው ነው። «ቱባው የባንዱ ንብረት ነው፤ ሄደሽ ተቀብለሽ ነይ» አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። አቃፊውን በብብቷ ይዛለች። የወናፍ ሚስት በሩን ከፈተች፤ ቱባው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ይኸውልሽ፣ የኔ ልጅ። ሰውየው ራሱ ነው ያሰረው። ለእኔ ያን ያህል ተጠንቅቆ አንድ ዕቃ አስሮልኝ አያውቅም።»

ቱባውን ይዛ መውረድ ትችል ነበር። ገመዱን ጨበጠችው፤ ልታነሳውም ትንሽ ነው የቀራት። ከዚያ ለቀቀችው።

«ጋሼ አሉ፣ እትዬ?»

ወናፍ መስኮቱ ጋ ራዲዮ ፈታትቶ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አይቷት ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

«ዕቃው ኮሪደሩ ላይ ነው።»

«አየሁት። ጋሼ፣ ያን ቀን የነፉትን አባዬ አይደለም የጻፈው።»

እጁ ቆመ።

«ኮምፒውተር ነው። ዜማውን አስገባሁለት፣ ሌላውን እሱ ሠራው። አባዬ የጻፈው ይኸው። አልገለበጥኩትም። አንድ ገጽ አይቼ ዘጋሁት።»

ሦስተኛውን ገጽ በብሎኖቹ ላይ ዘረጋችለት። ወናፍ መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር። የራሱን መስመር በጣቱ ተከተለ። ዝምታው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የእርሳሱን ጽሑፍ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ስሙን ለምን ጻፍሽበት?» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

አቃፊውን ዘግታ ደረቷ ላይ ያዘች።

«ኮምፒውተር ቢሠራው እኔ ምን ገዶኝ? ኮምፒውተር ነው፣ የእኔን ሳንባ የት ያውቀዋል ብዬ፣ ስቄ፣ የደከመኝ ቦታ ላይ ዝም እል ነበር። ማንም አይሰማም፤ ቱባ ነው። የእሱ ስም ስላለበት ነው እስከ አሥራ ዘጠነኛው የነፋሁት። እሱ ካለ እችላለሁ ማለት ነው ብዬ። አይ፣ ይሄን ያህልማ አያሳፍረኝም ብዬ።» መነጽሩን አወለቀ። «ጠየቁሽ። ራሱ ነው የጻፈው ብዬ ጠየቅሁሽ።»

«ጠይቀውኛል።»

መነጽሩን ብሎኖቹ አጠገብ አኖረው። ከዚያ የፈራችው ጥያቄ መጣ።

«እሱስ ጠየቀ? ስለ እኔ?»

ጉሮሮዋ ላይ ለስላሳ ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ራሱን አያውቅም ነበር፣ ማንንም አልጠየቀም፣ ይላል። ለእሱም ለእሷም የሚቀል ውሸት ነው። የዚህ ሁሉ መነሻም እንዲህ ያለ ውሸት ነበር።

«በየቀኑ» አለች። «አሥር ሰዓት ላይ ወንበሩን ያስጠርገኝ ነበር። አስቀይሜው ይሆን እንዴ ብሎኛል። ጉንፋን ይዟቸዋል አልኩት።»

ወናፍ ተነስቶ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሄደ። በሩ ተዘጋ። የቧንቧ ውሃ ድምፅ ተሰማ፤ ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

«ምን አደረግሽው?» አለች ሚስቱ፣ በሹክሹክታ። ግልባጭ ቆማ ቀረች። ልቀመጥ ብትል ማን ተቀመጪ ብሏት።

ሲወጣ ፊቱ እርጥብ ነው፤ ፎጣ አልያዘም። በአጠገቧ አልፎ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከ። የገመዱን ቋጠሮ ሊፈታ ሞከረ፤ ራሱ ያጠበቀው ነውና እምቢ አለው።

«ቢላዋ አምጪ» አለ ሚስቱን።

«ደህናውን ገመድ?»

«አምጪ እባክሽ።»

ቱባውን ወደ ክፍሉ ጎትቶ ጉልበቱ ላይ አቆመው። ገጹን ከራዲዮው ሬሳ ላይ አስደግፎ አቆመ። ግልባጭን አላያትም።

«ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አለ። «ኋላ የምለው ይሁን አይሁን አላውቅም። አሁን ግን ቁጥሪልኝ።»

«ከየት?»

«ከሦስተኛው ገጽ ነዋ፣ ከየት ሌላ?»

በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች መቁጠር ጀመረች። ወናፍ ነፋ። ከንፈሩ ዝጓል፤ የመጀመሪያው ድምፅ የተዘጋ ቧንቧ ይመስል ነበር፤ ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። ለብቻው የሚነፋ ቱባ ዜማ የለውም፤ ከባድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሰው የሌለበት ሰልፍ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። አላቆመም። ፊቱ እየጠቆረ፣ የአንገቱ ሥር እየወጣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን ሜዠር አለፈ፤ ከዚያ አባቷ በሚንቀጠቀጥ እጁ ከተወለት ባዶ ቦታ ደረሰ።

መሣሪያውን ከአፉ አነሳ። አየር ሲስብ ደረቱ ያፏጫል።

እዚህ ላይ የእሷ ክላርኔት ነበር መግባት ያለበት፤ አልያዘችም። ቆጠራዋን አላቆመችም።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለች። ወናፍ ዓይኑን ጨፍኗል። ወደ ሁለተኛው ሜዠር አለፈች፤ «ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።»

እንዳትቸኩል ተጠንቅቃ ነው የቆጠረችው።